ጤና አዳም በጣሳ ለመምህሩ ምን ይሠራለታል?

ስለ ሰውና ስለ ተፈጥሮ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ተራራው፣ ጫካው፣ ሐይቁና የዱር አራዊቱ ነው። ተፈጥሮ ማለት አውቶቡስ ተከራይተው የሚሄዱበት፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው የሚመለሱበት ሩቅ ቦታ ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚያ በጣም ያነሰና በጣም የቀረበ ነው። ይኸውም፣ አንድ ሰው በሚኖርባት ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይና በበሩ አጠገብ ካለችው አንድ ክንድ መሬት ጋር የሚኖረው ግንኙነት ለአእምሮው ዕረፍት ይረዳዋል ወይ? የሚረዳውስ በምን መንገድ ነው? የሚል ነው።

ጥያቄው ለእኛ ለማሠልጠኛው ሰዎች ትርፍ ጥያቄ አይደለም። ዛሬ በመኝታ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ተፋፍጎ የሚያድረው ሠልጣኝ ነገ ተመድቦ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ዘመድ በሌለበት አገር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከብዙ ልጆች ጋር ሲጮህ ይውላል። ማታ በሩን ሲዘጋ ደግሞ ከአራት ግድግዳና ከሚታረም የደብተር ክምር በቀር የሚጠብቀው የለም። የመጀመሪያው ዓመት የሚከብደው በማስተማሩ ብቻ አይደለም፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚከብደው። ነባር መምህራንን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። ያንን ጊዜ አንዱ በመጠጥ ይሞላዋል፣ ሌላው በጫት፣ ሌላው ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያነጋል፣ ሌላው ዝውውር ይጠይቅና እምቢ ሲባል ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። አንድ ጣሳ ጤና አዳም ይህን ሁሉ ይፈታል የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ግን የሚሠራው ነገር አለ፤ የሚሠራውን ከማይሠራው ለይቶ ማወቁ ነው የሚጠቅመው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ከትምህርት ሥነ ልቦና እናስታውስ። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ትኩረትን ከሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው በፈቃዳችንና በጥረት የምናደርገው ነው፤ ነገሩ ባይስበንም እንኳ «ይህን ማየት አለብኝ» ብለን አእምሯችንን ወደዚያ እንጎትተዋለን። ሁለተኛው ግን ሳንለፋ የሚመጣ ነው፤ ነገሩ ራሱ ይስበናል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ራሔል ካፕላንና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን በዚህ ላይ ተመሥርተው እንዲህ አሉ፤ የመጀመሪያው ዓይነት ትኩረት እንደ ጡንቻ ይደክማል፤ የሚያርፈውም ሁለተኛው ዓይነት ተረክቦት በሚሠራበት ሰዓት ነው። በነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠል፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ አፈር የምትጭር ወፍ፣ እነዚህ ሁሉ ዓይንን ሳያስጨንቁ ይይዛሉ፤ ይዘውም ለሐሳብ ቦታ ይተዋሉ።

እንግዲህ መምህር ማለት የመጀመሪያውን ዓይነት ትኩረት ከጧት እስከ ማታ ሲያወጣ የሚውል ሰው ነው። አንድ ዓይኑ ከሰሌዳው፣ አንድ ዓይኑ ከኋላ ወንበር፣ ልቡ ደግሞ «ደወሉ ሳይደወል ይህን እጨርሰው ይሆን?» ከሚለው ጋር ነው። በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በትንሽ ነገር የሚቆጣ መምህር ብዙ ጊዜ ልጁ ያጠፋ ይመስለዋል እንጂ እሱ ራሱ መድከሙ አይታየውም። «ታዲያ ስልኩም እኮ ሳይለፉ ይስባል፣ ለምን አያሳርፍም?» የሚል አይጠፋም። ይስባል፣ ልክ ነው። ግን ይዞ አይለቅም፤ ለሐሳብ የሚተርፍ ቦታም አይተውም። የካፕላኖቹ አባባል ይህን ልዩነት አጥብቆ ይይዛል። አንድ ሰዓት ስልኩን ሲያገላብጥ የቆየ ሰው ሲነሣ ያረፈ መሆን አለመሆኑን ራሱን ይጠይቅ።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኝ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን መዝገብ መረመረ። 23ቱ የተኙት መስኮታቸው ወደ ዛፎች በሚያይ ክፍል ነበር። ከእነሱ ጋር በዕድሜና በመሳሰለው የሚመሳሰሉ ሌሎች 23 ሰዎች ደግሞ የተኙት መስኮታቸው ወደ ጡብ ግድግዳ በሚያይ ክፍል ነበር። ዛፍ ያዩት በአማካይ በ7.96 ቀን፣ ግድግዳ ያዩት በ8.70 ቀን ከሆስፒታል ወጡ። ዛፍ ያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ቁጥሩ ሲታይ ልዩነቱ አንድ ቀን አይሞላም፤ የሰዎቹም ብዛት ጥቂት ነው። ቢሆንም ነገሩን ከተራ ምኞት ያወጣዋል፤ አንድ መስኮት ሥጋና ደም ላይ የሚታይ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ያመለክታል።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን ሌላ ጥናት ነው። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ነው። ቦታው በኮኔቲከት ግዛት የሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። በአንዱ ፎቅ ላይ ለሚኖሩት አረጋውያን እንዲህ ተባሉ፤ ክፍላችሁን እንዴት እንደምታዘጋጁ፣ ጊዜያችሁን በምን እንደምታሳልፉ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከዚያ ትንሽ ተክል ቀረበላቸው፤ የሚፈልግ መርጦ ይውሰድ፣ የሚንከባከባትም ራሱ ነው ተባለ። በሌላው ፎቅ ላሉት ደግሞ፣ የሁሉን ነገር ኃላፊነት የሚወስዱት ሠራተኞቹ ናቸው ተባለ። ለእነሱም ተክል ተሰጣቸው፤ ውኃ የሚያጠጡላቸው ግን ነርሶቹ ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ፎቅ ሰዎች ንቁና ደስተኛ ሆነው፣ ከሰው ጋር ሲጫወቱና ወዲያ ወዲህ ሲሉ ተገኙ። በሁለተኛው ፎቅ ያሉት አብዛኞቹ እንዲያውም ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁኔታቸውን የመዘገቡት ነርሶች የጥናቱን ዓላማ አያውቁም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ተክሉ በሁለቱም ፎቅ ነበረ። አረንጓዴነቱም፣ ውበቱም አንድ ነው። የተለየው ውኃ የሚያጠጣው እጅ ነው። (እርግጥ የመጀመሪያው ፎቅ ሰዎች ሌላም የመወሰን መብት ተሰጥቷቸው ስለነበር ሁሉንም ነገር ለተክሉ መስጠት አይቻልም። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ሞት መጠን ያወጡት ስሌት ስሕተት ተገኝቶበት በ1978 ታርሟል። ጥናት ሲጠቀስ እንዲህ ያለውም ቢነገር መልካም ነው፤ የምናስተምራቸው ልጆች ነገ ይጠይቁናል።) ስለሆነም ጠረጴዛ ላይ አቧራ እየበላ የሚቀመጥ የፕላስቲክ አበባ፣ ወይም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፏፏቴ ሥዕል፣ ዓይንን ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ እንደ ተክሉ «ዛሬ አንተ ባትኖር እኔ እጠወልጋለሁ» አይልም። ብቸኛ ሰውን የሚጎዳው አንዱ ነገር የሚፈልገው አካል የሌለ መምሰሉ ነው። ጧት ተነሥቶ ጣሳ ውስጥ ጣቱን ከትቶ አፈሩ መድረቁን የሚያይ ሰው ቢያንስ አንድ የሚፈልገው ነገር አለ።

ለምን ጤና አዳም? ብትሉ፣ ምክንያቱ የሽታው ማማር ብቻ አይደለም። ጤና አዳም ሰው ያመጣል። በአገራችን ቡና በሚፈላበት ሰፈር ጤና አዳም ያለው ቤት በሩ ይንኳኳል። «መምህር፣ እማዬ ለቡና ትንሽ ጤና አዳም ይስጡኝ ብላለች» የምትል ልጅ መጣች ማለት እናቲቱ መምህሩን አወቀች ማለት ነው። ነገ ደግሞ «መምህር፣ ቡና ደርሷል ይምጡ» ይባላል። አንድን አዲስ መምህር ከሰፈሩ ጋር ለማስተዋወቅ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም። በዚያ ላይ ጽኑ ተክል ነው፤ ፀሐይ ይወዳል፣ ጥቂት ጥማት ይችላል። አበባ ያልያዘ ቅርንጫፍ ግማሽ ስንዝር ያህል ተቆርጦ፣ የታችኛው ቅጠሉ ተነቅሎ፣ እስከ ግማሹ እርጥብ አፈር ውስጥ ይተከላል። ሥር እስኪይዝ ሳምንታት ይወስድበታል፤ በየቀኑ እየነቀሉ «ያዘ ወይ?» ማለት አይገባም። (ይህን የሚያደርጉ አሉ!)

ጣሳው የዱቄት ወተትም ይሁን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለውጥ የለውም፤ የተቆረጠ ጀሪካንም ይሆናል። ቁም ነገሩ ታቹ በምስማር መበሳቱ ነው። ሳይበሳ የቀረ ጣሳ ውኃ ያቁርና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ቤት ውስጥ ያለ ተክል ከጥማት ይልቅ የሚሞተው በውኃ ብዛት ነው፤ የሚያጠጣው ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በውኃ ብቻ ስለሚመስለው ማለት ነው። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ እርጥበት ከተሰማ ለነገ ይቆይ። አፈሩ ጥቁር አፈር ብቻ ከሆነ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አሸዋና የቆየ ፍግ ይቀላቀልበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ለመኝታ ቤት ሽታውም አይሆንም።

ጤና አዳም ያልተመቸው በሶብላ ይዝራ፤ ሆኖም በሶብላ ውርጭ አይችልም፣ ደጋ ላይ የተመደበ ሰው ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገባው። ጥላ የበዛበት ቤት ያለው ናና ይሻለዋል። ትዕግሥት የሌለው ደግሞ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ፈልፍሎ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ ይትከል፤ ብዙ ሳይቆይ አረንጓዴ ጫፍ ሲወጣ ያያል፣ ቅጠሉም ለወጥ ይሆነዋል። ግቢ ያለው ጎመን ይትከል። እንግዲህ የሚበላ ነገር ከሆነ የወር ደመወዝንም በጥቂቱ ያግዛል፤ ያ ራሱ አንድ የመንፈስ ዕረፍት ነው።

ስለ ተክል በቤት ውስጥ የሚወሩ አንዳንድ ነገሮች አሉ፤ ሳይጣራ ባይወራ ይመረጣል። አንደኛው «ሌሊት ተክል ኦክሲጅን ይጨርስብሃል» የሚለው ነው። እርግጥ ተክል በጨለማ ይተነፍሳል፤ ነገር ግን አንድ ጣሳ ተክል የሚወስደው አጠገባችሁ የተኛው ጓደኛችሁ ከሚወስደው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ክፍል ዘግቶ መፈራት ያለበት የከሰል ምድጃ ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውንም በእንቅልፉ ይገድላል። ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «ተክል የቤቱን አየር ያጠራል» ይባላል። መነሻው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ሙከራ ነው፤ የተሞከረው ግን በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። በ2019 የቀደሙት ሙከራዎች ተሰብስበው ሲሰሉ፣ አንድ ተራ ቤት በአየር ዝውውሩ የሚያገኘውን ያህል ለማጥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል እንደሚያስፈልግ ታየ። ያን ያህል ተክል ካስገባን እኛ ውጭ ማደራችን ነው። መስኮቱን መክፈት ይበቃል።

ሦስተኛው ወሬ ሳይሆን እውነተኛ አደጋ ነው። ከጣሳው ሥር በተቀመጠ ሳሕን ላይ ውኃ ቆሞ መሰንበት የለበትም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ በረግረግ ብቻ አትወሰንም፤ በበርሜል፣ በጣሳና በመሳሰለው የሰው ዕቃ ውስጥ ትራባለች፤ ከተማም አትፈራም። ቆላ የሚመደብ ሰው ይህን ልብ ይበል። ስለ ጤና አዳምም አንድ ቃል፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ደርቆ ፀሐይ ሲያርፍበት ሊያቃጥል ይችላል፤ ብዙ የቆረጠ ሰው እጁን ይታጠብ። ለቡና አንዲት ቅጠል ሌላ ነገር ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን በብዛት እንድትጠጣው አይመከርም። ቅንጭብ ደግሞ ነጩ ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ለአጥር እንጂ ለቤት አይሆንም።

«እኔ ክፍል ውስጥ ተክል ማስቀመጫ ቦታ የለም» የሚል ካለ ብርሃኑስ? ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን የሚለይበት ሰዓት አለው። ይህን ሰዓት የሚያስተካክሉት በዓይናችን ውስጥ ያሉ፣ ሥራቸው ከማየት ይልቅ ብርሃን መለካት የሆነ ሴሎች ናቸው። በአምፖል የበራ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ500 ሉክስ አይበልጥም፤ በደመናማ ቀን እንኳ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን በሺዎች ይቆጠራል፤ በጠራራ ፀሐይ ወደ 100,000 ይደርሳል። ስለዚህ ሲነጋ ሻዩን በር ላይ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ከውስጥ ከሚጠጣው ይልቅ ለዓይኑ «ነግቷል» ብሎ አስረድቶታል፤ ማታም እንቅልፉ በጊዜ ይመጣል። የእንቅልፍ መዛባትና የስሜት መረበሽ ደግሞ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ጠረጴዛችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከሆነ ወደ መስኮቱ አዙሩት። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም።

ደግሞስ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ቡና ሲፈላ ቄጠማ የሚጎዘጎዘው ለምንድን ነው? ከወንዝ ዳር የታጨደው ሣር ቤት ሲገባ ክፍሏ ትለወጣለች፤ ሽታው ይለወጣል፣ ሰው አቀማመጡን ይለውጣል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። በመስከረም አደይ አበባ በር ላይ ይሰካል። አያቶቻችን ስለ ትኩረት ድካም ባይጽፉም ሜዳውን ወደ ቤት ማስገባት ያውቁ ነበር። እኛ ከተማ ስንገባ ቄጠማውን ለበዓል ብቻ አስቀረነው።

ይህ ሁሉ ወደ መማሪያ ክፍልም ይሄዳል። ግልጽ ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ በጨርቁና በብርጭቆው መካከል ሦስት ባቄላ አስቀምጡ፤ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ዘቅዝቆ፣ አንዱን አጋድሞ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሦስቱም ሥር ወደ ታች፣ ግንዳቸው ወደ ላይ ይዞራል። ይህ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ዋጋ የማይጠይቅ መርጃ መሣሪያ ነው። ውኃ የማጠጣቱን ተራ ግን ሁልጊዜ ለጎበዙ ልጅ አትስጡ። ከኋላ ተቀምጦ ለማይናገረው ስጡት። የመጦሪያ ቤቱን ሁለት ፎቆች አስታውሱ።

አሁን ወደ ወሰኑ እንምጣ። ድካምና ብቸኝነት አንድ ነገር ነው፣ በሽታ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ከከፋው፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባበት፣ ራሱን እንደማይረባ ከቆጠረ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ተክል ጠብቆ የሚታለፍ አይደለም። የሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ለሰው ይነገር፣ ብቻውንም አይተው። «ሰነፍ ነው»፣ «ጠባዩ ነው» እያሉ ማለፍ ጓደኛን መግደል ነው። ሕክምናውም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድን ብቻ የሚጠይቅ አይደለም፤ በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ያጠጡት የነበረውን ተክል ጨርሶ መተውም አንድ ምልክት ሊሆን ይችላል። የጓደኛችሁ ጣሳ ደርቆ ካያችሁ ከማጠጣታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት።

ለማስተማር ልምምድ ወይም ለዕረፍት ስትሄዱስ ጣሳው ምን ይሁን? የሚቀር ጓደኛ ካለ ለእሱ አደራ ይሰጥ። ከሌለ ከአሮጌ ጥጥ ሸሚዝ ጣት ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ቅደዱ። አንዱን ጫፍ በውኃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ታች ስደዱት፣ ሌላውን አፈሩ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቅበሩት፤ ጨርቁ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ይስባል። ትንኝ እንዳትገባ የጠርሙሱን አፍ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅጥቁት። ከመሄዳችሁ አራት አምስት ቀን አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ ውኃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጎድል አይታችሁ የጠርሙሱን ትልቅነት ትወስናላችሁ።